ከገጽ መግለጫ ወደ ነጥብ ምስል፦ የትእዛዝ መስመር መሣሪያዎችና የጋምቤላ ሰነዶች

በጋምቤላ ከተማና በክልሉ ወረዳዎች ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረው የኤሌክትሮኒክ ሰነድ፣ የትምህርት መጽሐፍም ሆነ አዋጅ፣ የጎርፍ ካርታም ሆነ የመሬት ኪራይ ውል፣ በአብዛኛው ፒዲኤፍ ነው። ፒዲኤፍና ቀዳሚው ፖስትስክሪፕት የገጽ መግለጫ ይባላሉ፤ ገጹን የሚይዙት በመመሪያ መልክ ነውና፣ ይህ ፊደል በዚህ ፎንትና በዚህ መጠን እዚህ ይቀመጥ፣ ይህ መስመር ከዚህ እስከዚያ ይሰመር እያሉ ይዘረዝራሉ። ነጥብ ምስል ደግሞ ፒክስል የሚባሉ ጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች ድርድር ነው። የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው መለወጥ ማለት መመሪያውን ፈጽሞ ውጤቱን ማስቀመጥ ማለት ነው። ሥራው በመስኮትና በማውዝ ሊከናወን ይችላል፤ በትእዛዝ መስመር፣ ማለትም የፕሮግራሙን ስምና የሚፈለጉትን አማራጮች በጽሑፍ በማስገባት ሲሠራ ግን አንድ ጊዜ የተጻፈ ትእዛዝ በአንድ ገጽም በአሥር ሺህ ገጽም ላይ በእኩል ይፈጸማል፤ የተደረገውም በጽሑፍ ስለሚቀር ሌላ ባለሙያ ሊደግመውና ሊመረምረው ይችላል። ይህ ዳሰሳ የሥራውን ታሪክ፣ የመሣሪያዎቹን ልዩነት፣ ልወጣው ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል በሚለው ላይ የሚሰነዘሩትን አቋሞችና በጋምቤላ ሰነዶች ላይ ያልተቋጩትን ነጥቦች ይቃኛል። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የልወጣው መነሻ

ጆን ዋርኖክና ቻርልስ ጌሽኪ በዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ሳሉ ኢንተርፕሬስ በተባለ የገጽ መግለጫ ቋንቋ ላይ ሠርተው ነበር፤ ኩባንያው ሥራውን ለገበያ ለማቅረብ በመዘግየቱ በ1982 ለቀው አዶቤን መሠረቱ፣ በ1984ም ፖስትስክሪፕትን አወጡ። በ1985 የአፕል ሌዘርራይተር ማተሚያ ቋንቋውን በውስጡ ይዞ፣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ እያተመ ገበያ ገባ። ከዚህ የሚታየው፣ ወደ ነጥብ ምስል መለወጥ ለገጽ መግለጫ ባዕድ ሥራ እንዳልሆነ ነው፤ ወረቀት ላይ የሚወርድ ገጽ ሁሉ አስቀድሞ በማተሚያው ውስጥ ወደ ነጥብ ተለውጦ ነው የሚወርደው። አዲስ የሆነው ይህ ሥራ ከማተሚያው ወጥቶ ወደ ኮምፒውተሩ መግባቱ ሲሆን፣ ለዚህም በ1988 ፒተር ዶይች ያወጣው ጎስትስክሪፕት ዋነኛውን ድርሻ ይይዛል። በዚህ ፕሮግራም አማካይነት ማተሚያ የሌለው ሰው የፖስትስክሪፕት ገጽን በስክሪን ለማየትና በምስል ፋይል ለማስቀመጥ ቻለ።

ፖስትስክሪፕት ሙሉ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ድግግሞሽና ቅድመ ሁኔታ ስለሚያውቅ አንድን ገጽ ለማየት ከእሱ በፊት ያለውን ሁሉ መፈጸም ሊያስፈልግ ይችላል። በ1993 የወጣው ፒዲኤፍ ይህን የፕሮግራም ባሕርይ አስወግዶ እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው የሚነበብበትን አደረጃጀት ያዘ፤ በ2008ም ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ስለዚህ ከአንድ የ200 ገጽ መጽሐፍ ውስጥ 57ኛውን ገጽ ብቻ ወደ ምስል መለወጥ በፒዲኤፍ ቀላል ሲሆን በፖስትስክሪፕት ግን የግድ ቀላል አይደለም።

የግእዝ ፊደል በገጽ መግለጫ ውስጥ

የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም ሁሉ አንድ ወጥ ቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት ነው። ከዚያ በፊት፣ ልማዱ ባለመለቀቁም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ጽሑፍ እንደ ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝ ባሉ ሶፍትዌሮች ይዘጋጅ ነበር፤ የእነዚህ የቀድሞ ፎንቶች ዘዴ የግእዝን ቅርጾች ለላቲን ፊደላት በተመደቡ ቁጥሮች ላይ ማስቀመጥ ሲሆን፣ የፊደሉ ብዛት በአንድ ፋይል ስለማይበቃው አንዳንዶቹ በሁለትና ከዚያ በላይ ፋይሎች ከፍለውታል። ከኢትዮጵያ ውጭም ብርሃኑ በየነና የጀርመን ባልደረቦቹ ላቴክ ለተባለው የጽሑፍ ማቀናበሪያ ኢትዮፕ የሚባል የአማርኛ ጥቅል አዘጋጅተዋል።

ከዚህ ታሪክ የተነሳ አንድ የአማርኛ ፒዲኤፍ ከሦስት ሁኔታዎች በአንዱ ይገኛል። በመጀመሪያው ፎንቱ በሰነዱ ውስጥ ታቅፏል፣ ቅርጹም ከዩኒኮድ ቁጥሩ ጋር ተያይዟል፤ ይህ ይታያልም፣ ይፈለግበታልም፣ ይገለበጣልም። በሁለተኛው ፎንቱ ታቅፏል፣ የዩኒኮድ ዝምድናው ግን የለም፤ ገጹ ለዓይን ፍጹም ነው፣ ጽሑፉ ሲገለበጥ ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ይሆናል። በሦስተኛው ፎንቱ አልታቀፈም፤ የሚለውጠው ፕሮግራም በምትኩ ሌላ ፎንት ስለሚያስገባ ገጹ ራሱ በላቲን ፊደላት ይሞላል። አንድ ሰነድ በአንዱ ኮምፒውተር ደህና ታይቶ በሌላው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ፎንቱ ተጭኖበታል፣ ሁለተኛው አልተጫነበትም። ስለሆነም ልወጣው ፎንቱ በተጫነበት ማሽን ላይ ካልተፈጸመ ምስሉ ስሕተቱን ለዘለቄታው ያጸናዋል።

መሣሪያዎቹና መንገዶቻቸው

ዛሬ በስፋት የሚሠራባቸው መሣሪያዎች በሦስት የዘር ሐረግ ይመደባሉ። አንደኛው ጎስትስክሪፕት ነው፤ ፖስትስክሪፕትንም ፒዲኤፍንም ያነባል፣ ውጤቱን በባለቀለም፣ በግራጫ ወይም በጥቁርና ነጭ ብቻ እንዲያወጣ በስም ተለይተው የሚመረጡ ብዙ የውጤት ዓይነቶች አሉት። ሁለተኛው ዴሪክ ኑንበርግ በ1995 ካወጣው ኤክስፒዲኤፍ የተወለደው ፖፕለር ሲሆን፣ በ2005 ከወላጁ ተለይቶ በሊኑክስ ሥርዓቶች ዘንድ የተለመደው የፒዲኤፍ ቤተ መጻሕፍት ሆኗል፤ ፒዲኤፍቱፒፒኤም የተባለው ትእዛዙ ገጾችን አንድ በአንድ ወደ ምስል ይለውጣል። ሦስተኛው ለፍጥነትና ለአነስተኛ ማሽን የተነደፈው ሙፒዲኤፍ ነው። ከእነዚህ ሌላ ጉግል በ2014 ምንጩን የከፈተው ፒዲኤፊየም በክሮም ማሰሻ ውስጥ ይሠራል።

ኢሜጅማጂክ በብዙ መመሪያዎች ውስጥ ቀድሞ ይጠቀሳል፤ ይሁን እንጂ ፒዲኤፍን በራሱ አይፈታም፣ ሥራውን ለጎስትስክሪፕት አስተላልፎ ውጤቱን ይቀበላል። ይህ ልዩነት በአነስተኛ ኮምፒውተር ላይ ክብደት አለው። አንድ የኤፎር ገጽ በኢንች 300 ነጥብ ሲለወጥ 2480 በ3508፣ ማለትም ወደ 8.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ፒክስል ይሆናል፤ እያንዳንዱ ፒክስል በ8 ባይት ከተያዘ አንድ ገጽ ወደ 70 ሜጋባይት፣ 200 ገጽ ደግሞ ወደ 14 ጊጋባይት የማስታወሻ ቦታ ይጠይቃል። ኢሜጅማጂክ በተለመደው አጠቃቀሙ ገጾቹን ሁሉ በአንድነት ለመያዝ ስለሚሞክር አነስተኛ ማስታወሻ ያለው ማሽን ይዝላል ወይም ሥራውን ያቋርጣል፤ ፒዲኤፍቱፒፒኤም ግን አንዱን ገጽ ጨርሶ፣ ጽፎና ለቆ ወደ ቀጣዩ ያልፋል።

መሣሪያዎቹ ሳይነገራቸው የሚወስዱት መጠንም ይለያያል። ጎስትስክሪፕትና ኢሜጅማጂክ አማራጭ ካልተሰጣቸው በኢንች 72 ነጥብ ይለውጣሉ፤ ፒዲኤፍቱፒፒኤም 150 ይወስዳል። ገጹን የሚከልለው ድንበርም አንድ አይደለም፤ የንባብ ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ የሚያሳዩት የተከረከመውን ገጽ ሲሆን፣ የትእዛዝ መስመር መሣሪያዎች ግን ካልተነገራቸው ሙሉውን ሉህ ከነማተሚያ ቤት ምልክቱ ሊያወጡ ይችላሉ። ስለሆነም ሁለት ሰዎች ከአንድ ሰነድ የተለያየ ምስል አውጥተው ሲከራከሩ የሰነዱ ጉድለት ከመጠርጠሩ በፊት እነዚህ ልዩነቶች ሊጣሩ ይገባል።

አራት ዓይነት ሰነድ በጋምቤላ

የጋምቤላ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ አኝዋክ፣ ኑዌር፣ ማጃንግ፣ ኦፖና ኮሞ ደግሞ የክልሉ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ክልሉ ከደቡብ ሱዳን የመጡ ከ300,000 በላይ ስደተኞችንም ያስተናግዳል። በዚህ ምክንያት በክልሉ የሚዘዋወሩት ሰነዶች በፊደልም፣ በአሠራርም፣ በምንጭም የተለያዩ ናቸው።

የመጀመሪያው ዓይነት የአማርኛ የመንግሥት ሰነድ ነው፤ ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማል፣ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍትም በፒዲኤፍ ተሰራጭተዋል። እዚህ ላይ ጥያቄው ቀደም ሲል የተገለጸው የፎንት ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው በኑዌርኛና በአኝዋክኛ የተዘጋጀ የትምህርትና የሃይማኖት ጽሑፍ ነው። ኑዌርኛ የሚጻፈው በ1928 በደቡብ ሱዳን ረጃፍ በተካሄደው የቋንቋ ጉባኤ መሠረት በተያዘ የላቲን አጻጻፍ ሲሆን፣ ተጨማሪ ፊደላት፣ ከአናባቢ በላይ የሚቀመጡ ሁለት ነጥቦችና ከአናባቢ ሥር የሚሰመር ጭረት አሉት። እነዚህ ምልክቶች አንዱን አናባቢ ከሌላው የሚለዩ በመሆናቸው በልወጣ ሲጠፉ ቃሉ ይቀየራል። በኢንች 72 ነጥብ የተለወጠ 12 ነጥብ መጠን ያለው ፊደል ቁመቱ በ12 ፒክስል ውስጥ ስለሚወሰን ከሥሩ ያለው ጭረት ከአንድ ፒክስል በታች ሊወርድና ሊደበዝዝ ይችላል፤ በ150 ያው ፊደል 25፣ በ300 ደግሞ 50 ፒክስል ያገኛል። በአማርኛም ተመሳሳይ አደጋ አለ፤ «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው የአንዲት ትንሽ ቅጥል አቀማመጥ ነው።

ሦስተኛው ስካን የተደረገ ሰነድ ነው። በ2010 በኢትዮጵያ ግብርና ሚኒስቴርና ካሩቱሪ በተባለው ኩባንያ መካከል በኢታንግና በጂካዎ ለ100,000 ሄክታር መሬት የተፈረመው የኪራይ ውል በፒዲኤፍ ለሕዝብ ከቀረቡት አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ፋይል ከውጭ ሲታይ ፒዲኤፍ ይሁን እንጂ በውስጡ ያለው መመሪያ ይህን ፎቶግራፍ በገጹ ላይ ዘርጋ ከማለት አያልፍም። ስለሆነም በ200 ነጥብ ስካን የተደረገን ገጽ በ600 መለወጥ ፋይሉን ያከብደዋል እንጂ አዲስ መረጃ አይጨምርለትም። ተገቢው መንገድ በውስጡ ያለውን ምስል እንዳለ ማውጣት ነው፤ ለዚህም በፖፕለር ጥቅል ውስጥ ፒዲኤፍኢሜጅስ የተባለ የተለየ ትእዛዝ አለ።

አራተኛው ካርታ ነው። የባሮ ወንዝ በክረምት ሞልቶ በኢታንግና በላሬ አካባቢ ሲጥለቀለቅ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮና ሌሎች ድርጅቶች ካርታዎችን በፒዲኤፍ ያሰራጫሉ። በካርታ ላይ የቀበሌ ስሞች፣ ቀጫጭን የድንበር መስመሮችና ግልጽነት ያላቸው ቀለሞች ተደራርበው ይገኛሉ፤ ይህ ከአራቱ ሁሉ ይበልጥ መሣሪያዎችን የሚፈትን ሲሆን፣ ለምሳሌ ግልጽ የሆነው ዳራ በኢሜጅማጂክ በኩል ወደ ጄፔግ ሲሄድ ጥቁር ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

የጥግግትና የቅርጸት ክርክር

ምን ያህል ነጥብ በኢንች ይበቃል የሚለው ጥያቄ ለየአገልግሎቱ የተለየ መልስ አለው። ጽሑፍን ከምስል ለሚለቅሙ ፕሮግራሞች 300 የተለመደ መነሻ ነው፤ ለስልክ ንባብ 150 ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ለካርታ ደግሞ በላዩ ያለው ትንሹ ጽሑፍ ይወስናል። ከፍተኛ ጥግግት ሁልጊዜ ይሻላል የሚሉ ወገኖች ምስል በኋላ ሊቀነስ እንጂ ሊጨመር እንደማይችል ያስረዳሉ፤ የሚቃወሟቸው የፒክስሉ ብዛት በጥግግቱ ካሬ እንደሚያድግ፣ ማለትም ጥግግቱ እጥፍ ሲሆን ፒክስሉ አራት እጥፍ እንደሚሆን፣ በደካማ ኔትወርክም ይህ ሰነዱ በመድረሱና ባለመድረሱ መካከል ያለ ልዩነት እንደሆነ ያመለክታሉ። ምንጩ ፒዲኤፍ እስከተጠበቀ ድረስ ግን ሁለተኛው ወገን ያመዝናል፤ በሌላ ጥግግት እንደገና መለወጥ ሁልጊዜ ይቻላልና።

በቅርጸት ረገድ ፒኤንጂ አንድም ፒክስል ሳይጥል ይጨምቃል፤ ጄፔግ ለፎቶግራፍ የታሰበ በመሆኑ በፊደል ጠርዝ ዙሪያ ቆሻሻ መሳይ ነጠብጣብ ይተዋል። ለጥቁርና ነጭ ጽሑፍ የፋክስ አራተኛው ምድብ መጭመቂያ ያለው ቲፍ ከሁለቱም ያነሰ ፋይል ብዙ ጊዜ ይሰጣል፤ ግራጫ የሌለው ኤፎር ገጽ በ300 ነጥብ ከመጨመቁ በፊት እንኳ 1.1 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው፣ ባለቀለሙ ግን 26 ሜጋባይት ይደርሳል። በሌላ በኩል ተመሳሳይ የሚመስሉ ቅርጾችን በአንድ ቅርጽ እየተካ የሚጨምቅ ዘዴ አደጋ እንዳለው በ2013 ታይቷል፤ ጀርመናዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ዴቪድ ክሪዝል አንዳንድ የዜሮክስ ማሽኖች በስካን ጊዜ 6ን በ8 ይተኩ እንደነበር አሳየ። በገጹ ላይ ምንም ብዥታ ስለማይታይ ስሕተቱን ዓይን አይይዘውም። ሄክታርና ብር በቁጥር ለሚሰፍርባቸው ውሎች፣ እንዲሁም በጥቃቅን ምልክት ለሚለያዩት የግእዝና የኑዌርኛ ፊደላት፣ ይህ ማስረጃ እንዲህ ያለው መጭመቂያ መወገድ እንዳለበት ያሳያል።

ለምን ይለወጥ? ሦስት አቋሞች

የመጀመሪያው አቋም ልወጣን እንደ ጥፋት ያያል። ወደ ምስል የተለወጠ ገጽ ፍለጋ አይደረግበትም፣ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍን በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች አያነቡትም፣ ሲጎላ ይሻክራል፣ የኤሌክትሮኒክ ፊርማውም ከሰነዱ ይለያል። በዩኒኮድ በአግባቡ ለተዘጋጀ ሰነድ ይህ መከራከሪያ ጠንካራ ነው።

ሁለተኛው አቋም ልወጣን እንደ ዋስትና ይቀበላል። ፎንቱ በሌለበት ስልክም ሆነ በአሮጌ ማተሚያ ላይ ገጹ ሳይለወጥ የሚታየው በምስል ሲሆን ነው፤ የኑዌርኛ ተደራራቢ ምልክቶች ከአናባቢያቸው እንዳይንሸራተቱም ምስል ቦታቸውን ያጸናል። ተቃዋሚዎቹ ፎንቱን በሰነዱ ውስጥ ማቀፍ ይህንኑ ጥቅም ያለ ኪሳራ እንደሚሰጥ ይመልሳሉ፤ በ2005 የወጣው የፒዲኤፍ የማኅደር ደረጃም ፎንት መታቀፍን ግዴታ ያደርጋል። መልሱ ገና ለሚዘጋጁ ሰነዶች ትክክል ነው፤ አዘጋጁ በማይገኝበት፣ ፎንቱም በጠፋበት አሮጌ ፋይል ላይ ግን አይሠራም።

ሦስተኛው አቋም ልወጣን እንደ መሸጋገሪያ ይወስደዋል። በቀድሞ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ለዓይን ትክክል፣ ለኮምፒውተር ግን ትርጉም የለሽ ስለሆነ፣ ገጹን ወደ ምስል ለውጦ ከምስሉ ጽሑፉን መልቀም ወደ ዩኒኮድ መመለሻ ይሆናል። በኤችፒ ኩባንያ ተጀምሮ በ2005 ምንጩ የተከፈተው ቴሰራክት ለአማርኛና ለትግርኛ የተዘጋጀ የመለያ ፋይል አለው፤ እሱ ግን ፒዲኤፍን ስለማይቀበል ልወጣው የግድ ቅድሚያ ይሆናል። አማራጩ የቀድሞውን ፎንት ቁጥሮች በሰንጠረዥ አማካይነት ወደ ዩኒኮድ መተርጎም ነው፤ ፎንቱ ታውቆ ሰንጠረዡ ከተገኘ ይህ ስሕተት አልባ በመሆኑ ከመልቀም ይመረጣል፣ ሰንጠረዥ ከሌለ ግን የምስሉ መንገድ ብቻ ይቀራል።

የደኅንነት ጉዳይ

ፖስትስክሪፕት የፕሮግራም ቋንቋ በመሆኑ ከማይታወቅ ሰው የመጣን ፋይል መለወጥ የማይታወቅን ፕሮግራም ከማስኬድ ብዙ አይርቅም። በ2018 የደኅንነት ተመራማሪው ታቪስ ኦርማንዲ የጎስትስክሪፕትን መከላከያ የሚያልፉ ክፍተቶችን ካሳወቀ በኋላ በርካታ የሊኑክስ ሥርዓቶች ኢሜጅማጂክ ፖስትስክሪፕትንና ፒዲኤፍን እንዳያነብ በቅንብር ፋይሉ ውስጥ አገዱት፤ በ2019 የወጣው የጎስትስክሪፕት 9.50 እትም ደግሞ መከላከያውን ሳይጠየቅ እንዲበራ አደረገ። ዛሬም ኢሜጅማጂክ ፈቃድ የለም የሚል መልእክት ሲሰጥ መነሻው ብዙውን ጊዜ ይኸው እገዳ ነው። እገዳውን ማንሳት በብዙ መመሪያዎች ይመከራል፤ ፒዲኤፍቱፒፒኤምን በቀጥታ መጠቀም ግን ሥራውን እገዳውን ሳይነካ ያከናውናል።

ያልተቋጩ ነጥቦች

የመጀመሪያው ያልተቋጨ ነጥብ የቋንቋዎቹ እኩልነት ነው። በቴሰራክት ይፋዊ የቋንቋ ፋይሎች ውስጥ ኑዌርኛ፣ አኝዋክኛና ማጃንግኛ የሉም፤ አጠቃላይ የላቲን መለያው ሊሞከር ይችላል፣ ነገር ግን ከአናባቢ ሥር ያለውን ጭረት ለመያዝ ታስቦ የተዘጋጀ አይደለም። በመሆኑም በእነዚህ ቋንቋዎች ሦስተኛው አቋም ገና መሣሪያ አላገኘም፤ አንድ መጽሐፍ ወደ ምስል ብቻ ተለውጦ ምንጩ ከጠፋ ጽሑፉን በእጅ ከመተየብ በቀር መመለሻ የለውም።

ሁለተኛው የሕግ ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2018ና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2020 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥተዋል። የተፈረመ ፒዲኤፍ ወደ ምስል ሲለወጥ ግን ፊርማው የሚያረጋግጠው ፋይል መሆኑ ያበቃል፤ ምስሉ እንደ ቅጂ ምን ያህል ክብደት ይሰጠው የሚለው በአሠራር ሊለይ ይገባል።

ሦስተኛው የምርጫ ቅደም ተከተል ነው፤ በዚህ ላይ ማስረጃው ወደ አንድ ድምዳሜ ያመራል። የተሻለው መሣሪያ የቱ ነው የሚለው ጥያቄ ሰነዱ ሳይመረመር መልስ የለውም። በፖፕለር ጥቅል ያለው ፒዲኤፍፎንትስ ፎንቱ ታቅፎ እንደሆነና የዩኒኮድ ዝምድና እንዳለው በሰከንዶች ይናገራል፤ ፒዲኤፍኢሜጅስ ደግሞ ገጹ ስካን መሆኑንና ጥግግቱን ይዘረዝራል። የታቀፈና በዩኒኮድ የተያዘ ሰነድ እንዳለ ይቀመጥ፤ ስካን የሆነው ምስሉ ይውጣለት፤ በቀድሞ ፎንት የተጻፈው በ300 ነጥብ ወደ ፒኤንጂ ይለወጥና ይለቀም፤ ለስልክ የሚሄደው በ150 ይበቃዋል። በሁሉም ረገድ ምንጩ ፋይል አይደምሰስ፣ የተሠራበት ትእዛዝም ከምስሉ ጋር በጽሑፍ ይቀመጥ። በተለይ የኑዌርኛ፣ የአኝዋክኛና የማጃንግኛ መጻሕፍትን የሚያዘጋጁ ተቋማት ፒዲኤፉን ብቻ ሳይሆን በዩኒኮድ የተተየበውን ዋናውን ጽሑፍና ፎንቱን አብረው ሊያስቀምጡ ይገባል።